ቧንቧው ላይ ትክክል የነበረው ቁጥር፦ የኤችኤፍሲ-23 ክሬዲቶች የጉዳይ ጥናት

ወደ ማቃጠያው በሚወስደው ቧንቧ ላይ ሁለት የፍሰት መለኪያዎች ተከታትለው ተገጥመዋል። በሁለቱም ውስጥ የሚያልፈው ያው አንድ ጋዝ፣ ኤችኤፍሲ-23 የተባለው ኃይለኛ የሙቀት አማቂ ጋዝ ስለሆነ እኩል ቁጥር ማሳየት አለባቸው። ከተለያዩ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ዝቅተኛው ነው። ልዩነቱ ለመሣሪያዎቹ ከተቀመጠው የትክክለኛነት ወሰን እጥፍ ካለፈ ደግሞ ምክንያቱ ተጣርቶ ብልሽቱ ይታረማል። ከቧንቧው በየጊዜው ናሙና እየተወሰደ በጋዝ ክሮማቶግራፍ ይመረመራል፤ ካለፈው ጋዝ ምን ያህሉ በእርግጥ የሚፈለገው እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። በመጨረሻ ገለልተኛ አረጋጋጭ ድርጅት መጥቶ መዝገቡን ያመሳክራል።

የልቀት ቅነሳ ክሬዲት በሚሸጥበት የካርቦን ገበያ ውስጥ እንዲህ ጠበቅ ያለ አለካክ ያላቸው ፕሮጀክቶች ብዙ አይደሉም። በደን ፕሮጀክት የዛፍ ግንድ ውፍረት ተለክቶ፣ በቀመር ተሰልቶ፣ ከጥቂት የናሙና ቦታዎች ተነስቶ ስለ ሙሉው ደን ይገመታል። በማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ፕሮጀክት ቤት ለቤት ተዙሮ ሰዎች ይጠየቃሉ። እዚህ ግን ጋዙ በቧንቧ ያልፋል፣ ይቆጠራል፣ ይቃጠላል። እንዲህ ተለክተው የተሰጡት ክሬዲቶች የገበያውን ትልቁን ድርሻ ከያዙ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት አልቀበላቸውም ብሎ ዘጋባቸው። መለኪያዎቹ አልተሳሳቱም ነበር። ይህን ጉዳይ ደግሜ ደጋግሜ እንድመለስበት የሚያደርገኝም ይኸው ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማንም አስቦ የማያመርተው ጋዝ

ከጥቂት ልዩ አገልግሎቶች በቀር ኤችኤፍሲ-23ን ለሽያጭ ብሎ የሚያመርት የለም። ፋብሪካው የሚፈልገው ኤችሲኤፍሲ-22ን ነው። ይህ ጋዝ በማቀዝቀዣ መሣሪያዎች ውስጥ ይሞላል፤ ምግብ የማይዝ መጥበሻ የሚለበጥበት ፒቲኤፍኢ የተባለው ፕላስቲክም ጥሬ ዕቃው እሱ ነው። የሚሠራው ክሎሮፎርምን ከሃይድሮጅን ፍሎራይድ ጋር በማዋሃድ ነው። ውህደቱ ከሚፈለገው አንድ ደረጃ አልፎ ሲሄድ ኤችኤፍሲ-23 ይወጣል። 100 ቶን ኤችሲኤፍሲ-22 ሲመረት አብሮት የሚወጣው ተረፈ ምርት ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 4 ቶን ነው።

ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በፋብሪካው አካባቢ የሚኖር ሰው መለቀቁን አያውቅም። ስለዚህ የሚከለክል ሕግ በሌለበት አገር በጭስ ማውጫ ወደ አየር መልቀቅ የተለመደ ነበር። ከባቢ አየር ላይ ግን ከ200 ዓመት በላይ ይቆያል። እስከ 2012 መጨረሻ በሥራ ላይ በነበረው ስሌት አንድ ቶን ኤችኤፍሲ-23 በመቶ ዓመት ውስጥ የሚያስከትለው ሙቀት ከ11,700 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ነበር፤ ከ2013 ጀምሮ ቁጥሩ ወደ 14,800 ከፍ ብሏል። ይህን ማባዣ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ከዚህ በታች የሚመጣው ነገር ሁሉ የሚሽከረከረው በእሱ ዙሪያ ነው።

ልቀትን ለመቀነስ በ1997 የጸደቀውና በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የኪዮቶ ስምምነት፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ሲዲኤም የሚባለውን የንጹህ ልማት ሥርዓት ይዞ መጣ። በታዳጊ አገር የሚገኝ ፕሮጀክት ልቀት ከቀነሰ በእያንዳንዱ ቶን ልክ ክሬዲት ይሰጠው ነበር፤ የመቀነስ ግዴታ ያለበት ያደገ አገር ወይም ኩባንያ ክሬዲቱን ገዝቶ ራሱ መቀነስ ከነበረበት ላይ ያቻችለው ነበር። ክሬዲት የሚሰጠው በጸደቀ የስሌት ዘዴ ብቻ ነበር። በዚህ ሥርዓት ከሁሉ ቀድሞ በ2003 የጸደቀው ዘዴ፣ ኤኤም0001፣ የኤችኤፍሲ-23 ማቃጠያ ዘዴ ነበር፤ መነሻ የሆነውም በደቡብ ኮሪያ ኡልሳን የሚገኝ ፕሮጀክት ነው። በጊዜ ሂደት 19 ፕሮጀክቶች ተመዘገቡ፤ 11ዱ በቻይና፣ አምስቱ በሕንድ፣ አንድ አንድ ደግሞ በደቡብ ኮሪያ፣ በሜክሲኮና በአርጀንቲና። እነዚህ 19 ፋብሪካዎች ብቻ እስከ 2010 ድረስ በመላው ሥርዓት ከተሰጡት ክሬዲቶች ግማሽ ያህሉን ወስደዋል።

ስሌቱ

የኤኤም0001 ስሌት አጭር ነው። የተቃጠለው የኤችኤፍሲ-23 መጠን ይወሰዳል። ከእሱ ላይ የአገሩ ሕግ በግድ እንዲቃጠል የሚያዘው መጠን ይቀነሳል፤ ሕግ ከሌለ ቅናሹ ዜሮ ነው። የቀረው በ11,700 ይባዛል። ከውጤቱ ላይ ማቃጠሉ ራሱ ያስከተለው ልቀት ይነሳል፦ አንድ ቶን ኤችኤፍሲ-23 ሲቃጠል ወደ 0.63 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ማቃጠያውም ኃይል ይፈጃል። ከ11,700 ጋር ሲተያይ ይህ ቅናሽ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

በዓመት 10,000 ቶን ኤችሲኤፍሲ-22 የሚያመርት ፋብሪካ አለ እንበል። ተረፈ ምርቱ ከመቶ 1.5 ከሆነ 150 ቶን ኤችኤፍሲ-23 ይወጣል፤ ያ ሁሉ ከተቃጠለ 1,755,000 ክሬዲት ያስገኛል። ተረፈ ምርቱ ከመቶ ሦስት ከሆነ 300 ቶን ይወጣል፤ ክሬዲቱም 3,510,000 ይሆናል። ፋብሪካው ለገበያ ያወጣው የማቀዝቀዣ ጋዝ በሁለቱም ጊዜ 10,000 ቶን ነው። ቧንቧው ላይ ያሉት መለኪያዎችም በሁለቱም ጊዜ እውነቱን ተናግረዋል። 150 ቶን ሲያልፍ 150፣ 300 ሲያልፍ 300 ቆጥረዋል።

ልዩነቱ ያለው ጋዙ መለኪያው ጋ ከመድረሱ በፊት፣ ውህደቱ በሚካሄድበት ጋን ውስጥ ነው። ሙቀቱ፣ ግፊቱ፣ የጥሬ ዕቃዎቹ ምጥጥን፣ የማፋጠኛው ኬሚካል ሁኔታ፣ እነዚህ ሁሉ ተረፈ ምርቱን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጉታል። በተለመደው ጊዜ ፋብሪካው ዝቅ እንዲል ይፈልጋል፤ ኤችኤፍሲ-23 ሆኖ የወጣ ክሎሮፎርምና ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ገንዘብ የወጣበት ብክነት ነውና። ክሬዲት ሲመጣ ግን ብክነቱ ራሱ ከምርቱ የበለጠ ዋጋ አወጣ። በ2007 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ተመራማሪው ማይክል ዋራ ያወጣው ስሌት ይህን በገንዘብ አሳየ፦ የኤችኤፍሲ-23 ክሬዲቶች ዋጋ 4.7 ቢሊዮን ዩሮ ሲደርስ ጋዙን ለማቃጠል የሚያስፈልገው ወጪ ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በታች ነበር። አምራቾቹ ከማቀዝቀዣ ጋዝ ሽያጭ ከሚያገኙት እጥፍ የሚጠጋ ገቢ ከክሬዲት ሊያገኙ ይችሉ እንደነበርም ጽፏል።

እዚህ ላይ የማካካሻ ክሬዲትን ባሕርይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከላይ ያየነው ፋብሪካ ክሬዲት ባይኖር ኖሮ ከመቶ 1.5 ላይ ይቆይ ከነበረና ክሬዲቱ ስላለ ብቻ ወደ ሦስት ካደገ፣ በእውነት የተቀነሰው 1,755,000 ቶን ነው፤ የተሸጠው ግን 3,510,000 ቶን ነው። ገዢው በሙሉው ልክ ልቀት ይፈቀድለታል። ስለዚህ ልዩነቱ ወረቀት ላይ የቀረ ስህተት አይሆንም፤ በሌላ አገር ባለ ኃይል ማመንጫ ጭስ ሆኖ ይወጣል። መንግሥት ለፋብሪካው በቀጥታ ድጎማ ሰጥቶ ቢሳሳት የሚጠፋው ገንዘብ ነው። በማካካሻ ክሬዲት ሲሳሳቱ ግን የሚጨምረው ልቀቱ ነው።

ጣሪያዎቹ ያጋለጡት

የዘዴው ቀማሪዎች ይህን አደጋ አላዩትም ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። አይተውታል፤ ለዚህም አጥር አበጅተዋል። ዘዴው የሚሠራው ከ2000 እስከ 2004 ባለው ጊዜ ውስጥ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ላመረቱ ነባር ፋብሪካዎች ብቻ ነበር፤ ክሬዲት ለማግኘት ሲባል አዲስ ፋብሪካ እንዳይገነባ። ክሬዲት የሚታሰብበት የኤችሲኤፍሲ-22 ምርት በእነዚያ ዓመታት ከተመዘገበው ከፍተኛ መጠን እንዳያልፍ ተገደበ። የተረፈ ምርቱ ድርሻም ፋብሪካው በነዚያ ዓመታት ካስመዘገበው ዝቅተኛ ድርሻ እንዳይበልጥ፣ ያም ቢሆን ከመቶ ሦስት እንዳያልፍ ተደነገገ።

በወረቀት ላይ ጥሩ አጥር ነው። ችግሩ አጥሩ የቆመው ክሬዲቱ ሳይመጣ በፊት ፋብሪካዎቹ በነበሩበት ደረጃ ላይ መሆኑ ነው። ብክነትን ለመቀነስ የተጋ ፋብሪካ ዝቅ ያለ ጣሪያ ሲደርሰው ቸል ያለው ከፍ ያለ ጣሪያ አገኘ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ማንም ብክነቱን ከጣሪያው በታች ለማውረድ ምክንያት አልነበረውም። ከላይ ያለው ጫፍ ታጥሯል፤ ከጣሪያው በታች ያለውን ግን የጠበቀው አልነበረም።

በ2010 መጋቢት ወር ሲዲኤም ዎች የተባለው፣ ሥርዓቱን የሚከታተል መንግሥታዊ ያልሆነ ቡድን ዘዴው እንዲሻሻል ጥያቄ አቀረበ። ማስረጃው ከየትም የመጣ አልነበረም፤ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ያቀረቧቸው፣ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ የክትትል ሪፖርቶች ነበሩ። ሪፖርቶቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ሲነበቡ የሚታየው ነገር ዓይን ይይዛል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ምርታቸው ክሬዲት በሚታሰብበት ጣሪያ ልክ ይሆናል። የተረፈ ምርቱ ድርሻም ከተፈቀደው ጫፍ ጋር ይገጥማል። ከሁሉ በላይ የሚናገረው ግን ፋብሪካው ክሬዲት ሊያገኝባቸው በማይችልባቸው ጊዜያት የታየው ነው፤ በእነዚያ ጊዜያት አንዳንዶቹ ጋር የተረፈ ምርቱ ድርሻ ዝቅ ይላል። ክሬዲቱ ሲመለስ ድርሻውም ይመለሳል።

ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። «ፕሮጀክቱ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» የሚለው ጥያቄ በባሕርዩ መልስ የማይለካለት ነው፤ ያልሆነ ነገር አይለካም። እዚህ ግን ክሬዲት በሌለባቸው ጥቂት ወራት ያ ያልሆነ ነገር ለአጭር ጊዜ ብቅ ብሎ ታየ። ማንም ያላቀደው ሙከራ ነበር፤ ያው ፋብሪካ፣ ያው ጋን፣ የተለወጠው የክሬዲቱ መኖርና አለመኖር ብቻ። ይህን ትንታኔ የሠራው ላምበርት ሽናይደር በቀጣዩ ዓመት በሳይንሳዊ መጽሔት ላይ በዝርዝር አውጥቶታል።

ፋብሪካዎቹ ቁጥር ሰረቁ ወይም ደንብ ጣሱ ለማለት ይህ ማስረጃ አይሆንም። የዘገቡት የለኩትን ነው፤ ደንቡ እስከ ጫፍ ድረስ ፈቅዶላቸዋል። ሪፖርቶቹ ተደብቀው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይህ ሁሉ ባልታወቀ። ዛሬ በፈቃደኝነት ላይ በተመሠረተው ገበያ ውስጥ መረጃቸውን «የንግድ ምስጢር» እያሉ ለሚዘጉ ፕሮጀክቶች ዘወትር የማነሳው ምሳሌ ይህ ነው።

ከፋብሪካው አጥር ውጭም ሌላ መዘዝ ነበረው። ኤችሲኤፍሲ-22 ራሱ የኦዞን ሽፋንን የሚጎዳ፣ በሞንትሪያል ስምምነት ቀስ በቀስ እንዲቆም የሚፈለግ ጋዝ ነው። በክሬዲት የተደጎመ ምርት ርካሽ ይሆናል፤ ርካሽ የሆነ ነገር ደግሞ ተተኪዎቹን ያስረሳል። አንዱ ስምምነት ሊያጠፋው የሚጥረውን ምርት ሌላው ሳያስበው ይመግበው ነበር።

እርማቱ

የሲዲኤም ሥራ አስፈጻሚ ቦርድ በ2010 ዘዴውን አገደ፤ በ2011 ኅዳር አሻሽሎ ሲያወጣው ክሬዲት የሚታሰብበት ድርሻ ወደ ከመቶ አንድ ወረደ። ለዚያ ለምሳሌ ላነሳነው ፋብሪካ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ጋኑ 300 ቶን ቢያወጣ፣ መለኪያውም 300 ቢቆጥር፣ ክሬዲቱ የሚታሰበው በ100 ቶን፣ ማለትም 1,170,000 ነው። ትርፍ ብክነት ከዚህ በኋላ ጥሬ ዕቃ ከማባከን በቀር ምንም አያስገኝም።

ከመቶ አንድ የሚለው ቁጥር ትክክለኛው መነሻ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። በጥብቁ ከተወሰደ አይደለም፤ ብዙ ፋብሪካዎች ክሬዲት ባይኖርም ከዚያ በላይ ይለቁ ነበር፤ ስለዚህ የተወሰነ እውነተኛ ቅነሳ ያለ ክሬዲት ይቀራል። ቢሆንም ስህተት የማይቀር ከሆነ ከሚገባው ያነሰ ክሬዲት መስጠት ይሻላል። ሲያንስ አምራቹ ጥቂት ገቢ ይጎድልበታል፤ ሲበዛ ግን ከባቢ አየር ይከፍላል። የኋለኛው ከፋይ ለስብሰባ አይጠራም፣ ቅሬታም አያቀርብም።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን እርማቱን አልጠበቁም። በ2011 ጥር ወር እነዚህ ክሬዲቶች ከ2013 ግንቦት 1 ጀምሮ በኅብረቱ የልቀት ገበያ እንዳይሠሩ ወሰኑ። 

ጣሪያ ሲነሳ ምን እንደሚሆን ያሳየችው ሩሲያ ናት። የጋራ ትግበራ በሚባለው ሌላው የኪዮቶ ሥርዓት ሥር በዚያ የነበሩት የኤችኤፍሲ-23 እና ኤስኤፍ6 የተባለው ሌላ የሙቀት አማቂ ጋዝ ፕሮጀክቶች፣ መከላከያዎቹ ከተነሱላቸውና ተጨማሪ ብክነት ተጨማሪ ክሬዲት ማስገኘት ከጀመረ በኋላ፣ ብክነታቸው ከዚያ በፊት ታይቶ ወደማያውቅ ደረጃ ወጣ። ሽናይደርና አንያ ኮልሙስ ይህን በ2015 አሳትመዋል።

አየሩ ሲጠየቅ

ክሬዲቱ ገዢ ሲያጣ፣ በ2012 ደግሞ የሲዲኤም ክሬዲት ዋጋ ሲወድቅ፣ ማቃጠያዎቹን ማን በገንዘብ ያንቀሳቅሳቸዋል የሚል ጥያቄ መጣ። መልሱ በመጨረሻ የተገኘው ከገበያ ሳይሆን ከሕግ ነው። በ2016 ጥቅምት በሩዋንዳ ዋና ከተማ የጸደቀው የሞንትሪያል ስምምነት የኪጋሊ ማሻሻያ አገሮች ኤችኤፍሲ-23ን በተቻለ መጠን እንዲያስወግዱ ግዴታ ጣለ። ሕንድ ድርድሩ ሳያልቅ አምራቾቿ በራሳቸው ወጪ እንዲያቃጥሉ አዘዘች። ቻይናም በአገር ውስጥ ፕሮግራም ማስወገዱን ትደጉም ነበር። በቀረቡት ሪፖርቶች መሠረት የዓለም ልቀት ከ2014 እስከ 2017 ባለው ጊዜ 87 ከመቶ ያህል መውረድ ነበረበት።

ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። በጋኑ አጠገብ የነበረው አምራቹ ነው፤ ግን የለቀቁትን ሁሉ የሚያጠራቅም ሌላ ምስክር አለ። አጌጅ የሚባለው የዓለም አቀፍ ልኬት መረብ ከፋብሪካና ከከተማ ርቀው በተተከሉ ጣቢያዎች፣ ለምሳሌ በአየርላንድ ሜስ ሄድና በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ኬፕ ግሪም፣ አየር እየቀዳ በውስጡ ያለውን ኤችኤፍሲ-23 ይለካል። የጋዙ መጠን ከትሪሊዮን ውስጥ በሚቆጠሩ ቅንጣቶች የሚገለጽ ኢምንት ነው። ይሁንና እድሜው ረጅም ስለሆነና ከፋብሪካ በቀር ምንጭ ስለሌለው ስሌቱ ቀላል ነው፤ በአየር ላይ ያለው ክምችት በዓመት ምን ያህል እንደጨመረ ከታወቀ ምን ያህል እንደተለቀቀ ይታወቃል።

በ2020 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ ላይ የወጣው ውጤት ከሪፖርቶቹ ጋር አልገጠመም። የ2018 የዓለም ልቀት 15,900 ቶን ገደማ ሆኖ ተገኘ። ቅናሽ ሲጠበቅ፣ እስከዚያ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ሆነ።

ይህ አለካክም የራሱ ጉድለት አለው። የዓለምን ድምር ይናገራል እንጂ ጣቱን ወደ አንድ ፋብሪካ አይቀስርም። ማቃጠያ ያልተገጠመለት ፋብሪካ ይኑር፣ የተገጠመለት በየጊዜው ይቋረጥ፣ ወይስ የምርት መጠኑ ከተዘገበው ይብለጥ፣ ከድምሩ ብቻ መለየት አይቻልም። ክሬዲት በፋብሪካ ደረጃ ይሰጣል፤ ይህ ማረጋገጫ የሚሠራው ግን በዓለም ደረጃ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ለረጅም ጊዜ አልነበረም።

በ2024 ኔቸር ላይ የታተመ አንድ ሙከራ ወደዚያ አንድ እርምጃ ተራመደ። ተመራማሪዎች በኔዘርላንድስ ከሚገኝ ፒቲኤፍኢ አምራች ፋብሪካ መጠኑ በትክክል የታወቀ ሌላ መከታተያ ጋዝ ለቀቁ። ከፋብሪካው ራቅ ብሎ ካባው በተባለ ቦታ ባለው ረጅም የልኬት ማማ ላይ ሁለቱም ጋዞች በንፋስ ተጉዘው ሲደርሱ ተለኩ። የተለቀቀው መከታተያ ጋዝ መጠን የታወቀ ስለሆነ፣ ማማው ላይ ሁለቱ የታዩበትን ምጥጥን በመውሰድ ከፋብሪካው የወጣው ኤችኤፍሲ-23 ምን ያህል እንደሆነ ማስላት ተቻለ። ቅነሳውን በአግባቡ የሚያከናውን ፋብሪካ ልቀቱ ከምርቱ ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞላ በዚህ ታየ። የፋብሪካውን መዝገብ ሳይጠይቅ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የተሰላ ቁጥር ነው።